ለሃሊበት የቱ ማባበያ ይሻላል? ሄሪንጉ መንጠቆ ላይ አልቆይ ብሏል

ሙልዱን_መንገድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጁን መጨረሻ ላይ አራት ሆነን አላስካ ካለችው ሆመር ትንሽ ጀልባ ተከራይተን ሃሊበት የሚባለውን ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ልናጠምድ ነው። ከነሠራተኛው የሚከራይ ጀልባ (ቻርተር) ስላልሆነ ማባበያውን ቆርጦ፣ መንጠቆ ላይ ሰክቶ የሚያቀብለን ሰው የለም። ችግራችን ለማባበያ የምንጠቀምበት ትንሹ ዓሣ፣ ሄሪንግ ነው። ከሱቅ የሚገዛው የቀዘቀዘ ሄሪንግ ገና ታች ሳይደርስ ይላላል፤ ከደረሰም በኋላ ክሩ ቶክ ቶክ ይልና ስንስበው መንጠቆው ባዶውን ይወጣል።

ያለን ዕቃ ይህ ነው፦ 80 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ቁጥሩ 16/0 የሆነ ክብ መንጠቆ፣ ባለ 1 እና ባለ 2 ፓውንድ እርሳሶች። ፍሪዘር ውስጥ 10 ፓውንድ ሄሪንግና ካለፈው ዓመት የተረፉ አምስት የሬድ ሳልመን ጭንቅላቶች አሉ።

ከሄሪንግ ሌላ ምን እንያዝ? ሄሪንጉን በጨው ማጠንከር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ስንት ጨው፣ ለስንት ሰዓት? ክብ መንጠቆ ላይስ እንዴት ነው የሚሰካው? ለአራት ሰው ለአንድ ቀን ምን ያህል ይበቃል? ደግሞ የሳልመን ጭንቅላት ለማባበያ መጠቀም ያስቀጣል የሚል ወሬ አለ፤ እውነት ነው?

ባሕረኛው

ወንድሜ፣ ሃሊበት መራጭ አይደለም። ሸርጣን፣ ኦክቶፐስ፣ ኮድ፣ ፖሎክ፣ ሄሪንግ፣ ያገኘውን ይውጣል። መምረጥ ያለብህ አንተ ነህ፤ ስትመርጥም «የቱ የበለጠ ይሸታል» ብለህ ሳይሆን «የቱ መንጠቆ ላይ ይቆያል» ብለህ ነው። በጠረን ሄሪንግን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚደርሱት ኮዱ፣ ስከልፒኑና ትንንሹ ጠፍጣፋ ዓሣ ናቸው። ትልቁ ሃሊበት ጠረኑን ተከትሎ ከውሃው ፍሰት በታች በኩል እየቀረበ ሳለ ያንተ ሄሪንግ አልቆ መንጠቆው ብቻውን ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ሄሪንግህን አትጣል፤ አጠገቡ የማይሰረቅ ነገር ጨምርለት።

የማይሰረቀው ኦክቶፐስ ነው። ስትገዛ ጥሬውን ለይ። የእስያ ግሮሰሪዎች ሁለቱንም ይሸጣሉ፦ ቀላ ብሎ ክንዶቹ ወደ ላይ የተጠቀለሉት የተቀቀለ ነው፣ ጠረኑ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ግራጫ መልክ ያለውና ሲሟሟ ልፍስፍስ የሚለው ጥሬው ነው። ቆዳውን አትግፈፍ፣ አትቀጥቅጠው፤ ለምግብ ሲሆን እንዲለሰልስ የሚደረገውን ሁሉ እዚህ አታድርግ። ክንዱን ከሥሩ ቁረጥ፣ ወፍራም ከሆነ በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቀው። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። መንጠቆው በወፍራሙ ጫፍ ይገባል፤ ቀጭኑ ጫፍ ታች ሲደርስ እንዲውለበለብ ነፃ ይተው። አንዱ ቁራጭ ለሰዓታት ይቆያል፤ ጠረኑ ግን ከሥጋው ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ክሩን በሳብክ ቁጥር በቢላ ሁለት ሦስት ቦታ ጫር ጫር አድርገው፤ አዲስ ሥጋ ይገለጣል።

ስኩዊድም ይሆናል፤ ግን ከኦክቶፐስ በጣም ይለሰልሳል። ከገዛህ ለጥብስ የተጠረገውን ነጭ ቱቦ ሳይሆን ከነቀለሙ፣ ከነሆድ ዕቃው ያለውን ያዝ።

አሁን ወደ ክብ መንጠቆው። መንጠቆው ባዶውን ከሚወጣበት እኩል ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ክብ መንጠቆ የሚይዘው ዓሣው ጎርሶ ዞር ሲል ከአፉ ውስጥ እየተንሸራተተ መጥቶ የከንፈሩ ጥግ ላይ ሲታጠፍ ነው። በጫፉና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት በሥጋ ከተሞላ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም። ዓሣው ይጎርሳል፣ ትንሽ ይጎትታል፣ ከዚያ ሁሉንም ይተፋዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ማባበያ አንድ ጊዜ ብቻ ውጋው፤ እንደ ተራው የጄ ፊደል ቅርጽ ያለው መንጠቆ ሁለቴ ሦስቴ አትስፋው። ሰክተህ ስትጨርስ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የሚታይ፣ በክፍተቱም ጣትህ የሚያልፍ መሆን አለበት። ጣትህ ካላለፈ ቁራጩ ወፍሯል፤ ቀንስለት።

አሰካኩ እንዲህ ነው፦ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ሄሪንግ ከጀርባ ክንፉ ፊት ለፊት በሰያፍ ለሁለት ቁረጠው። ሰያፍ የሚደረገው ብዙ ሥጋና ሆድ ዕቃ ለውሃው እንዲጋለጥ ነው። የጭንቅላቱን ግማሽ ከአገጩ ሥር አስገብተህ በራስ ቅሉ በኩል አውጣው፤ ሄሪንግ ላይ ያለው ብቸኛ ጠንካራ ቦታ ያ ነው። የጅራቱን ግማሽ ከጅራቱ ሥር ያለው አጥንት ላይ ውጋው። ቀጥሎ የኦክቶፐሱን ቁራጭ በዚያው መንጠቆ ላይ አስከትል። ኦክቶፐሱ ሄሪንጉ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ይዘጋዋል፤ ሄሪንጉ ቢበላም አንተ ሳታውቅ ባዶ መንጠቆ አታጠምድም። ሄሪንጉ በጣም ከላላ በቀጭን የላስቲክ ክር አምስት ስድስት ዙር ጠቅልለው። ቋጠሮ አያስፈልገውም፣ ክሩ ራሱን ይይዛል።

የሳልመን ጭንቅላት ለትልቅ ሃሊበት ጥሩ ነው፤ ትንንሾቹ ሊጨርሱት አይችሉም። በከባድ ቢላ ከአፍንጫው እስከ ማጅራቱ ለሁለት ሰንጥቀው፤ ደም ያለበትን መተንፈሻውን አታውጣ። መንጠቆውን በታችኛው መንጋጋ አስገብተህ በአፍንጫው ለስላሳ አጥንት በኩል አውጣው። ጫፉ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ ግማሽ ቀን በከንቱ ታሳልፋለህ። ለጭንቅላት 16/0 ትንሽ ይጠብባል፤ 18/0 ወይም 20/0 ካገኘህ ለአንዱ ዘንግ እሱን አድርግ።

ስለ ሕጉ፦ በአላስካ ሕጋዊ በሆነ መንገድ በስፖርት የተያዘ ዓሣ ጭንቅላት፣ ጅራት፣ ክንፍና ሆድ ዕቃ ለማባበያ ይፈቀዳል። ወሬው የመጣው ከሥጋው ነው፤ በስፖርት የተያዘ ሳልመን ሥጋ ላይ ገደብ አለ። የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን የደቡብ ማዕከላዊ ክፍል የማጥመድ ሕግ ደብተር አንብብ። ሬዶቹ ኬናይ ወንዝ ላይ በመረብ የተያዙ ከሆነ ያ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር ለብቻው ጠይቅ። የሆድ ቁራጭ ከፈለግህ ግን ከሱቅ ፒንክ ወይም ቸም የሚባለውን የሳልመን ዓይነት ግዛና ተገላገል። ቸምን የሚንቁ ብዙ ናቸው። ሆኖም ቢሮው ሲያትል ያለው፣ በ1923 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፓሲፊክ ሃሊበት ኮሚሽን የዓሣውን ብዛት ለመገመት በሚያደርገው ጥናት ላይ ለብዙ ዓመታት መደበኛ ማባበያው ቸም ሳልመን ነበር፤ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚሆን ቁራጭ፣ በ16/0 ክብ መንጠቆ። መስመሩ ቢያንስ አምስት ሰዓት ታች ይቆያል። ለአምስት ሰዓት የሚቆይ ሥጋ ላንተ ሃያ ደቂቃ አያቅተውም።

ጨው_በረንዳ

የጨውን ነገር ለኔ ተዉልኝ።

ሄሪንግን የሚያላላው አቀዛቀዙ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና ህዋሶቹን ይበሳሳቸዋል፤ ሲሟሟ ውሃው ይፈሳል፣ ሥጋው ይልፈሰፈሳል። ጨው ያንን ውሃ ስቦ አውጥቶ የቀረውን ሥጋ ያጠብቀዋል። ግን ጨው የሚያጠነክረው ደህና የነበረን ዓሣ ነው፤ የተበላሸውን አያድንም። ከረጢቱን ሳትከፍት እየው፦ ዓይኑ የጠራ፣ ሆዱ ያልተቀደደ፣ ከረጢቱ ውስጥ አመዳይ ያልሞላበት ይሁን። ዳር ዳሩ ቢጫ ካለ ዘይቱ ከርፍቷል። ሆዱ የተቀደደው አብዛኛውን ጊዜ መብል ሞልቶት ሳለ የተያዘ ነው፤ የሆዱ ኢንዛይም ከውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ከጨው ውስጥ ለይተህ ተደቁሶ ዓሣ እንዲስብ በመረብ ከረጢት ታች ለሚወርደው አስቀምጥ፤ ባሕረኛው ወይ ሌላ ሰው ስለ ከረጢቱ ማውራቱ አይቀርም።

ላንተ 10 ፓውንድ፣ ማለትም ለ4.5 ኪሎ ያህል፣ የሚበቃው ይህ ነው፦

የመጀመሪያው ሌሊት የጨው ውሃ ነው። 6 ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ 1.5 ኪሎ አዮዲን የሌለበት ሻካራ ጨው አሟሟ። ውሃው መቀዝቀዝ አለበት፤ ለብ ባለ ውሃ ጨው ካሟሟህ ፍሪጅ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ሄሪንጉን እንደቀዘቀዘ ከነበረዶው እዚያ ውስጥ ክተተው፤ በጨው ውሃው ውስጥ እየሟሟ ይጠነክራል። ቀድሞ ቧንቧ ሥር ማሟሟት፣ ሙቅ ውሃ፣ ማይክሮዌቭ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ከፍሪጅ ውጭ በማቀዝቀዣ ሣጥን የምትሠራ ከሆነ በረዶውን በጠርሙስ አሽገህ አስገባ እንጂ ልቅ በረዶ አትጨምር፤ ሲሟሟ ጨዉን ያቀጥነዋል። 12 ሰዓት ይበቃዋል።

ቀጥሎ ደረቅ ጨው። ሄሪንጉን አውጥተህ አንጠፍጥፍ፣ በውሃ አትለቅልቅ። ታቹ የተበሳሳ ሳህን ወይም ወንፊት ሌላ ሳህን ላይ አስቀምጥና አንድ ረድፍ ጨው፣ አንድ ረድፍ ሄሪንግ፣ እንደገና ጨው እያልክ ደርድር። በድምሩ ከ1 ኪሎ ብዙም የሚያልፍ አይደለም። ዋናው ነገር የሚወጣው ፈሳሽ ወደ ታች መውረዱ ነው፤ ዓሣው በገዛ ፈሳሹ ውስጥ ተኝቶ ካደረ ጨው መጨመርህ ከንቱ ነው። ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት። ደቃቅ ጨው አትጠቀም፤ ላዩን ቶሎ ያደርቅና ውስጡ ርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ከላይ የጠነከረ ይመስልሃል፣ መንጠቆ ስታስገባበት ይቀደዳል።

በመጨረሻ ትርፉን ጨው አራግፍ፣ አሥር አሥሩን በከረጢት አድርገህ አየሩን አውጥተህ ወደ ፍሪዘር መልስ። በደንብ ጨው የገባው ሄሪንግ ፍሪዘር ውስጥም ድንጋይ አይሆንም፣ ትንሽ ይተጣጠፋል፤ መያዙን የምታውቀው በዚያ ነው። አራት ጣትህ ላይ አጋድመህ ስትይዘው ጭንቅላቱና ጅራቱ ቀስ ብለው ዝቅ ማለት አለባቸው። ቶሎ ከተንጠለጠሉ ጨው አልገባውም፤ ምንም ካልወረዱ በዝቶበታል። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ፣ ጀርባው ከተቆለመመ እንደ ቋንጣ ደርቋል ማለት ነው፤ ጠረን አይለቅም፣ ሲወርድም እየተሽከረከረ ክር ያጠማዝዛል። ስለዚህ ደረቁ ጨው ላይ ሁለት ሦስት ቀን አትተወው።

የወተት ዱቄት ጨምሩ፣ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ የሚሉ አሉ፤ ቅርፊቱን ያሳምረዋል ይላሉ። ላዩ ላይ እየጎተቱ ሳልመን ለሚያጠምዱ ይሁንላቸው፤ ከ50 ሜትር በታች የቅርፊት ማማር ብዙም ቁም ነገር አይደለም።

የሳልመን ሆድ ስትሠራ ከሄሪንግ ይቀላል፤ ቆዳው ራሱ ይይዛል። 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ወደ ጅራቱ እየሾለ ቁረጠው፣ ደረቅ ጨው ላይ 12 ሰዓት ይደር። መንጠቆው ከሥጋው ገብቶ በቆዳው ይወጣል። ኦክቶፐስ ጨው አያስፈልገውም።

ፖርት_አንጀለስ

እህቴ ጨው_በረንዳ ያለችው አሠራሩ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልቃወም። ሁሉንም ሄሪንግ ጨው ውስጥ መክተት ትክክል አይመስለኝም። ዓሣ ከሩቅ የሚያሸተው በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የሚሟሙትን የሥጋ ክፍሎች ነው፤ በተለይ አሚኖ አሲዶችን። ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሚሟሟው ግን ከፍሰቱ ጋር ከታች ከታች ይሄዳል፣ ሃሊበቱም ያለው እዚያ ነው። በጨው የምታወጣው ውሃ ይህንንም ይዞ ይወጣል። ጥንካሬ ታገኛለህ፣ ጠረን ትከፍላለህ። ስለዚህ ከ10 ፓውንዱ ሁለት ሦስተኛውን አጠንክር፣ አንድ ሦስተኛውን ሳታሟሟ እንዳለ ያዝ።

ያ አንድ ሦስተኛ ለከረጢቱ ነው፤ ያው እንደተባለው ወሬው ደረሰ። የሽንኩርት መያዣ መረብ ከረጢት በቂ ነው። ሄሪንጉን ከነሆድ ዕቃው ደቁሰህ፣ ከተከፈለ የሳልመን ጭንቅላት ጋር ጨምረህ አፉን አስረህ፣ ከባድ ድንጋይ ወይም እርሳስ አብረህ ከጀልባው ጎን በገመድ ታች አውርደው። በየአሥር ደቂቃው ከፍ ዝቅ አድርገህ አራግፈው። መልሕቅ ጥለህ ከቆምክ ፍሰቱ አንድ ወጥ የጠረን መስመር ይሠራልሃል፣ ዓሣውም ያንን ተከትሎ ይመጣል። ጀልባህ እየተንሳፈፈ የምትሄድ ከሆነ ግን ከረጢቱ ትርጉም የለውም፤ መስመሩ ይበጣጠሳል። ያን ጊዜ መንጠቆ ላይ ያለው ኦክቶፐስ ብቻውን ይሥራ። ከማውረድህ በፊት ባለህበት አካባቢ የተፈቀደ መሆኑን ከደብተሩ አረጋግጥ።

ያው በዚሁ ምክንያት ማባበያ በሟሟ በረዶ ውሃ ውስጥ እየዋኘ መዋል የለበትም። ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ሲከፈት ቀይ ውሃ ተጠራቅሞ ካየህ ዓሣው የሚማርክበት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው። በዝግ ከረጢት አድርገህ በረዶ ላይ አስቀምጥ፣ ለአንድ ሰዓት የሚበቃውን ብቻ አውጣ። ጸሐይ ላይ የዋለ ሄሪንግ ለሸርጣን ወጥመድ እንጂ ለሃሊበት አይሆንም፤ የበሰበሰ ይወዳል የሚባለው ውሸት ነው።

እጅህንም አስብበት። ቤንዚን የነካ እጅ፣ የጸሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሲጋራ፣ ሁሉም ወደ ሥጋው ይሻገራል። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠብ፣ ወይም አንድ ሣጥን የላስቲክ ጓንት ያዝ። ጀልባ ላይ በእጃችሁ ዶሮ ወጥ የምትበሉ ከሆነ ጓንቱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ሄሪንግ የነካ እጅ እንጀራ ላይ ሲያርፍ እኔ አላውቅም።

ለኛ ለዋሽንግተን ስቴት ሰዎች ደግሞ፦ በሁዋን ደ ፉካ ሰርጥ ዋናው ሌባ ዶግፊሽ የሚባለው ትንሹ ሻርክ ነው። ሄሪንግና ስኩዊድ ካየ አይለቅም፤ ከሁለት ሦስት በላይ ከያዝክ ማባበያ መቀየር አያድንህም፣ ቦታ ቀይር። እርሳስ ጭንቅላት ያለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ጅራት ያለው ሰው ሠራሽ ማባበያ (ጂግ) ላይ ግን በመጠኑ ይቀንሳል። የኋላ ሾህ የሌለው መንጠቆ ግዴታ በሆነበት የባሕር ክፍል የምታጠምዱ ከሆነ ሥጋው ተንሸራቶ ይወጣል። ከሰፊ ላስቲክ ወይም ከብስክሌት ካላማደሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ከማባበያው ቀጥሎ መንጠቆው ላይ ውጉት፤ ላስቲኩ ሾሁን ይተካል። በነገራችን ላይ የዋሽንግተን ወቅት የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ነው፣ በየዓመቱም ይለዋወጣል፤ አላስካ ግን ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው።

ሙልዱን_መንገድ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ያህል አልጠበቅንም ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ክሩ ቶክ ቶክ ሲል ምን ማድረግ አለብን? እኛ ዘንጉን ወዲያው ወደ ላይ ነው የምንመነጭቀው። ሁለተኛ፣ ስንወረውር ማባበያው ከዋናው ክር ጋር እየተጠማዘዘ ይወጣል። መጠኑንም አትርሱብኝ።

ባሕረኛው

አደራ፣ አትመንጭቁ። በክብ መንጠቆ መመንጨቅ ከዓሣው አፍ ማባበያውን መንጠቅ ነው። ቶክ ቶክ ሲል ዘንጉን አትንካው፤ መያዣው ውስጥ ይቆይ። ትንንሾቹ ይቶክቱካሉ፤ ሃሊበት ሲሆን የዘንጉ ጫፍ ዝቅ ብሎ እዚያው ይቆያል። ያን ጊዜ ዘንጉን ሳታነሳ የክሩን መጠቅለያ፣ ሪሉን ብቻ እኩል ፍጥነት እየሰጠህ አሽከርክር። ክብደቱ ሲመጣ ነው ዘንጉን የምታነሳው። ቶክቶክታው ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ ከቀጠለና ጫፉ ካልወረደ ሄሪንጉ እየተበላ ነው። ኦክቶፐስ ካለበት ግን አትቸኩል፣ ተወው።

መጠማዘዙ ከአወራረዱ ነው። ሪሉን ሙሉ ለሙሉ ለቀህ ስታወርድ እርሳሱ ይቀድማል፣ ማባበያው ወደ ላይ ይቀራል፣ በዋናው ክር ላይ ይጠመጠማል። አውራ ጣትህን ሪሉ ላይ አሳርፈህ ቀስ እያልክ አውርድ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም አድርገው፣ እየተዘረጋ ይወርዳል። በተጨማሪ እንደ ኤል ፊደል የታጠፈ የሽቦ ማራራቂያ ግዛ፦ በአጭሩ ክንድ እርሳሱ፣ በረጅሙ ክንድ የመንጠቆው ክር ይታሰራል። የመንጠቆው ክር 150 ወይም 200 ፓውንድ የሚችል ወፍራም ያልተጎነጎነ የናይሎን ክር (ሞኖ) ይሁን፣ ርዝመቱ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ከረዘመ እንደገና መጠማዘዝ ይጀምራል። እርሳሱን ግን በቀጭን ክር፣ በ30 ፓውንድ ገደማ እሰረው፤ ድንጋይ ሥር ከተያዘ እርሳሱ ብቻ ይቀራል፣ ዓሣውና መንጠቆው ይተርፋሉ። ታች ሲደርስ አንድ ዙር ከፍ አድርገው፣ ጀልባው ሲወዛወዝ እርሳሱ መሬቱን እየነካ እንዲነሣ። ያ ድምፅና የሚነሣው ጭቃም ዓሣውን ይጠራዋል። በአንድ ክር ላይ ከሁለት መንጠቆ በላይ አይፈቀድም፤ ለጀማሪ አንድ ይበቃል።

ያላችሁ እርሳስ ግን አይበቃም። ሆመር ያለችበት ባሕረ ሰላጤ፣ ኩክ ኢንሌት፣ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት ኃይለኛ ነው፤ ሆመር ላይ በትላልቆቹ ቀናት ከ8 ሜትር ያልፋል። ፍሰቱ ሲበረታ 2 ፓውንድ እርሳስ ይንሳፈፋል፣ ማባበያችሁም መሃል ውሃ ላይ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፣ እዚያ ደግሞ ሃሊበት የለም። 3 እና 4 ፓውንድ ጨምሩ። ከሁሉ የሚሻለው ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰንጠረዥ አይታችሁ ልዩነቱ አነስተኛ የሆነበትን ቀን መምረጥ ነው፤ በዚያ ቀን ውሃው ቀጥ ከማለቱ በፊትና በኋላ ያለው አንድ አንድ ሰዓት ምርጡ ነው። አዲሱን ማባበያ ለዚያ ሰዓት ቆጥቡት። መልሕቅ ካስፈለገ ከጀልባው ፊት ብቻ፤ ከኋላ ከታሰረ በዚያ ፍሰት ጀልባው ውሃ ይሞላል። በትንሽ የኪራይ ጀልባ ይህን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ከሌለ መልሕቁን ተዉት፣ ተንሳፍፋችሁ አጥምዱ፤ ከረጢቱም ይቅር።

መጠኑ፦ አራት ዘንግ፣ ስድስት ሰዓት፣ በየሃያ ደቂቃው መፈተሽ ብላችሁ አስሉት፤ 72 ጊዜ መሰካት ነው። ሄሪንጉን ለሁለት ስለምትቆርጡት 36 ሄሪንግ ይበቃል። ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው በአማካይ 100 ግራም ቢመዝን 4.5 ኪሎው ወደ 45 ያህል ይሆናል፤ ከረጢቱንም ለመሙላት ከፈለጋችሁ ሌላ 5 ፓውንድ ግዙ። ኦክቶፐስ 2 ኪሎ በቂ ነው፤ ወደ ሃያ አምስት ቁራጭ ይወጣዋል፣ ደጋግማችሁም ትጠቀሙበታላችሁ። አምስቱ ጭንቅላት ሲሰነጠቅ አሥር ነው፤ አንዱን ዘንግ ቀኑን ሙሉ ይመግባል። አራቱም ዘንግ ላይ አንድ ዓይነት አትስቀሉ፤ ሁለቱ ሄሪንግ ከኦክቶፐስ ጋር፣ አንዱ ጭንቅላት፣ አንዱ የሳልመን ሆድ ይሁን። የቱ ቀድሞ እንደሚመታ ካያችሁ በኋላ ወደዚያ ዙሩ።

ጨው_በረንዳ

ማባበያውን ከአንኮሬጅ ስትጭኑ በሁለት ሣጥን ለዩት፤ አንዱ የማባበያ፣ አንዱ ባዶ ለዓሣው። ለሚበላ ዓሣ የተዘጋጀ በረዶ ውስጥ ሄሪንግ አትክተቱ። ማታ ሆመር ድንኳን ውስጥ የምታድሩ ከሆነ የማባበያውን ሣጥን መኪና ውስጥ ቆልፉት፣ ድብ ይመጣበታል።

ከተረፈ ደግሞ፦ ጨው የገባው ሄሪንግና የሳልመን ሆድ ውሃ ካልነካቸው እንደገና ፍሪዘር ይገባሉ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩበት። ኦክቶፐስም ይመለሳል፤ መንጠቆ የቀደደውን ጫፍ ቁረጡለት። ጨው ያልነካው ሄሪንግ ግን አንዴ ከሟሟ አይመለስም፤ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሩትና ባሕሩ ይጨርሰው።